ሙት ወቃሽ፦ ትንሿ ሄሊኮፕተርና «የአብራሪ ስህተት» የሚባለው ፍርድ

በካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ አቅራቢያ አንዲት ባለሁለት መቀመጫ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ተበታትና ወደቀች። ውስጧ አንድ አስተማሪና አንድ ተማሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ሞቱ። ጊዜው ጁን 29 ቀን 1992 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ሮቢንሰን አር 22 የምትባለው ይህች ሄሊኮፕተር ከዚያ በፊትም በተመሳሳይ ሁኔታ ደጋግማ ወድቃለች። የላይኛው ሮተር ከመስመሩ ይወጣል፣ የገዛ አካሏን ይመታል፣ ጅራቷን ወይም የአብራሪውን ክፍል ይቆርጣል፣ ስብርባሪው በሰፊ መሬት ላይ ይበተናል። የሚተርፍ ሰው የለም፤ የበረራ መረጃ መቅረጫ ሳጥን የላትም። ስለዚህ ፋይሉ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በአንድ አጭር ሐረግ ነበር፤ የአብራሪ ስህተት።

በዚህኛው በረራ ግን ተማሪው ትንሽ የካሴት መቅረጫ ይዞ ነበር፤ ትምህርቱን እየቀዳ ነው። መርማሪዎች ካሴቱን ከስብርባሪው መሐል አውጥተው አዳመጡት። ጭንቀት የለም፣ ጩኸት የለም፣ የመምህርና የተማሪ ተራ ንግግር ነው። የድምፅ ባለሙያዎች የሮተሩን ድምፅ ለይተው ሲመረምሩት ፍጥነቱ ደህና ነበር። ከዚያ፣ በተራው ንግግር መሐል፣ ሁሉም ነገር አለቀ።

በአማርኛ «ሙት ወቃሽ» የሚባል ከባድ ቃል አለ። ሰው የሟችን ጥፋት ሊያነሳ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህ ማለት ሟች አያጠፋም ማለት አይደለም። ነውሩ፣ ሟች መልስ መስጠት አለመቻሉ ላይ ነው። አምራች ኩባንያ ጠበቃ አለው፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ አለው፣ ኢንሹራንስ መርማሪ አለው። አብራሪው መቃብር ውስጥ ነው። በቀላል ሄሊኮፕተሮች ታሪክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት መልስ የሌለው ይኸው ሰው ሲከሰስ ኖሯል። ክሱ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከጥያቄ ያዳነ መጋረጃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሄሊኮፕተሯ በፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢ 17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም ካረፉ በኋላ መሬት ላይ በሆዳቸው እየተዘረጉ ያስቸግሩ ነበር። አብራሪዎቹ ፍላፕ የሚባለውን የክንፍ ታጣፊ እንመልሳለን ብለው የማረፊያ ጎማውን ያጥፉታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ አብራሪው ተሳሳተ። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የአብራሪውን ክፍል ገብቶ አየው። የሁለቱ መቆጣጠሪያዎች መልክ አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ነው የተተከሉት። በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ይህ ስህተት እንዲህ አይበዛም ነበር። መፍትሔው የሚያስቅ ያህል ቀላል ሆነ፤ በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ ተደረገ። እጅ ሳያይ ለየ። በ1947 ደግሞ ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የአብራሪ ስህተት» ተብለው የተመዘገቡ 460 ገጠመኞችን መርምረው ብዙዎቹ የመሣሪያው አሠራር የጋበዛቸው ስህተቶች መሆናቸውን አሳዩ። እውቀቱ እንግዲህ አር 22 ከመወለዷ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ ነበረ።

አሁን ወደ ፍራንክ ሮቢንሰን። ይህ ሰው በ1930 የተወለደ፣ ቤልንና ሂዩዝን በመሳሰሉ ታላላቅ የሄሊኮፕተር ፋብሪካዎች የሠራ መሐንዲስ ነበር። ሕልሙ አንድ ነው፤ ተራ ሰው መግዛት የሚችላት ትንሽ ሄሊኮፕተር። አለቆቹ አልሰሙትም። በ1973 ሥራውን ለቆ በገዛ ቤቱ ኩባንያ መሠረተ። አር 22 በኦገስት 1975 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች፣ በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፈቃድ አገኘች። ግሩም ሥራ ነበረች። ቀላል፣ ፈጣን፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ጥገናዋ ቀለል ያለ። በጊዜ ሂደትም ከ4,500 በላይ ተመርታለች።

ሮቢንሰን የሠራት ግን ለሌላ ሰው ነበር። በሐሳቡ የነበረው ከቤቱ ወደ ሥራው የሚበር ባለሀብት ነው። ገዝተው የወሰዷት የበረራ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ምክንያቱ ዋጋ ነው፤ በእሷ ማስተማር ከሌላው ሁሉ ይረክሳል። እንዲህ እያለ ለተካነ እጅ የታሰበች ስስ መሣሪያ በዓለም ላይ በብዛት የጀማሪ መማሪያ ሆነች። አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ከተማሪው ብዙም የማይርቅ፣ ሰዓት ለማጠራቀም የሚያስተምር ወጣት ነበር። የሄሊኮፕተሩ ሥራ ገበያ እንዲህ ነው የተሠራው፤ የተሻለ ሥራ ለማግኘት የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፣ ሰዓት የሚገኘው በማስተማር ነው። ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለመረዳት ይህን አለመዘንጋት ይጠቅማል።

ስስነቷ ምን ላይ ነው? ሁለት ነገር ላይ።

የመጀመሪያው የሮተሩ ቅለት ነው። ከባድ መንኮራኩር አንዴ ከዞረ በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥም መዞሩን ይቀጥላል፤ ቀላል ከሆነ ግን ወዲያው ይደክማል። የአር 22 ሮተር ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋ አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ማንሻ ወዲያውኑ ወደ ታች መጫን አለበት፤ የሮተሩ ዙር እንዳይወድቅ። ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ነው። ዙሩ ከመደበኛው 80 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ሮተሩ አየሩን መያዝ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ ያለ ምንም ዓይነት ችሎታ አይመልሰውም። አንድ ሰው ሲደነግጥ እጁ ምን ያደርጋል? ወደ ታች እየወረደ ያለ ሰው ማንሻውን ወደ ላይ መሳብ ነው የሚቀናው። እሱ ደግሞ የቀረውን ዙር ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው የሮተሩ አሰቃቀል ነው። የሮቢንሰን ሄሊኮፕተሮች ሮተር ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያለው፤ በምሰሶው ጫፍ ላይ እንደ ገበያ ሚዛን ተንጠልጥሏል። አንዱ ወገን ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። የሄሊኮፕተሯ አካል ከዚህ ሚዛን ሥር ተንጠልጥሎ፣ ሮተሩ ወዳዘነበለበት ይከተላል። ይህ የሚሠራው ግን አካሏ ክብደት እስካለው ድረስ ነው። አብራሪው መሪውን በድንገት ወደ ፊት ቢገፋ፣ ወይም ከተራራ የሚወርድ ነፋስ ቢመታት፣ መኪና ፈጥኖ ጉብታ ሲያልፍ ሆድ ባር ባር እንደሚል ዓይነት፣ አካሏ ለአፍታ ክብደቱን ያጣል። በዚያች አፍታ ሮተሩ አካሉን አያዝዘውም። የጅራቱ ትንሽ ሮተር ግን መግፋቱን አላቆመምና ሄሊኮፕተሯን ወደ ቀኝ ይጥላታል። ወደ ቀኝ የምትወድቅን ነገር ማንም ሰው ወደ ግራ ነው የሚያቃናት። አብራሪውም መሪውን ወደ ግራ ይመታል። ሮተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አካሏ ግን አይከተልም፤ የሮተሩ እምብርት ምሰሶውን ይመታዋል። ማስት ባምፒንግ የሚሉት ይህ ነው። ምሰሶው ይቆረጣል፣ ወይም ክንፉ የአብራሪውን ክፍል ሰንጥቆ ይገባል። የሚፈጀው ጊዜ ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ከሚወስደው ያንሳል። ትክክለኛው እርምጃ መሪውን መጀመሪያ በቀስታ ወደ ኋላ ስቦ ክብደት መመለስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ግራ ማቅናት ነው። የሰው ልጅ ደመ ነፍስ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

ኩባንያው ይህን አያውቅም ነበር ማለት ሐሰት ነው። በ1982 ለአብራሪዎች ባሰራጫቸው የደህንነት ማስታወቂያዎች ሁለቱንም አደጋዎች በስማቸው ጠርቶ አስጠንቅቋል። ቆየት ብሎ ያወጣው ሌላ ማስታወቂያ ደግሞ ስለ አውሮፕላን አብራሪዎች ነው፤ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ፣ በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ሄሊኮፕተር ላይ ግን አዲስ የሆኑ። አውሮፕላን ላይ የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ሲጮህ መሪን ወደ ፊት መግፋት ነፍስ ያድናል። እጃቸው ይህን ሃያ ዓመት ተለማምዷል። አር 22 ላይ ጡሩምባ ሲጮህ ወደ ፊት መግፋት ሊገድል ይችላል። ያንን ሰው የገደለው ስንፍናው ነው ወይስ ትምህርቱ?

ፍራንክ ሮቢንሰን አቋሙ ግልጽ ነበር፤ ማሽኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ሥልጠና ነው። ለዚህም የራሱን የአብራሪዎች የደህንነት ኮርስ ከፍቶ ከብዙ አገሮች አስተማሪዎችን አሠልጥኗል። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን «ችግሩ ሥልጠና ነው» እና «ችግሩ ሟቹ ነው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በችሎት አዳራሽና በጋዜጣ ላይ ሲደርሱ በቀላሉ አንድ ይሆናሉ።

የሪችመንዱ ካሴት ያናጋው ይህንን ነው። መሪው አጠገብ የነበረው አስተማሪ ጀማሪ አልነበረም፤ የሮተሩ ዙር አልወረደም፤ የተለየ ልምምድ እየሠሩ ስለመሆኑም ምልክት የለም። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አንዱን አደጋ ትቶ ተመሳሳዮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ዘርግቶ ማየት ጀመረ። ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የሮተሩን ጠባይ በኮምፒዩተር እንዲፈትሽ ተደረገ። በ1996 የወጣው ልዩ ሪፖርት የአንዱንም አደጋ ሙሉ ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ያለው ይህን ነው፦ ሄሊኮፕተሯ ለመሪ እጅግ ፈጥና ትታዘዛለች፤ ትልቅና ድንገተኛ የመሪ እንቅስቃሴ ሮተሩን አካሏ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል፤ አስተማሪ ደርሶ የሚያርምበት ጊዜ የለም። ለወደፊት ፈቃድ የሚጠይቁ መሰል ቀላል ሄሊኮፕተሮችም ይኸው ጠባያቸው አስቀድሞ እንዲመዘን መከረ። ስህተቱ የአብራሪ ሊሆን ይችላል፤ ስህተቱን ገዳይ ያደረገው ግን ማሽኑ የሰጠው ጊዜ ማጠሩ ነው።

ከሪፖርቱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1995፣ አቪዬሽን አስተዳደሩ ለሮቢንሰን ብቻ የሚሠራ ልዩ ደንብ አውጥቶ ነበር። አንድ ተማሪ አር 22ን ብቻውን ከማብረሩ በፊት 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መብረር አለበት። በሌላ ሄሊኮፕተር የቱንም ያህል ቢበር በዚህች ላይ ለብቻው ካልተፈተነ አዛዥ መሆን አይችልም። አስተማሪው ራሱ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ክብደት የማጣቱን ሁኔታ አየር ላይ እየሠሩ ማሳየት ተከለከለ፤ መሬት ላይ በቃል ይማሩታል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት አደጋ በግልጽ ቀነሰ። የሰው ተፈጥሮ በ1995 አልተለወጠም። የተለወጠው በተፈጥሮውና በማሽኑ መካከል የተቀመጠው ደንብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል አብራሪ አይሳሳትም፣ አያጠፋም የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ካለ ወደ ስኮትላንድ ይሻገር። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2007 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የነበረው ኮሊን ማክሬ የራሱን ሄሊኮፕተር እያበረረ በላናርክ አቅራቢያ፣ ዛፍ በበዛበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተከሰከሰ። የ5 ዓመት ልጁን ጨምሮ አራት ሰዎች አለቁ። ምርመራው የበረራ ፈቃዱ ጊዜ እንዳለፈበት አረጋገጠ። በ2011 የተጠናቀቀው የፍርድ ቤት አጣሪ ደግሞ አስፈላጊም ደህንነቱ የተጠበቀም ያልሆነ ዝቅተኛ በረራ ውስጥ ገብቶ እንደነበር አስታወቀ። እዚህ ላይ ማሽኑን መውቀስ አይቻልም። ደመና ውስጥ ገብተው አቅጣጫ የጠፋባቸው፣ ዝቅ ብለው ሲበሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ የበላቸው አብራሪዎችም በየአገሩ አሉ። ስህተት አለ፤ እብሪትም አለ። ጥያቄው ስህተቱ ከተገኘ በኋላ ምርመራው መቆም አለበት ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ ከአውስትራሊያ የተሻለ ማሳያ የለም። በማርች 21 ቀን 2013፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ቡሊ ቶፕስ በሚባል ቦታ፣ አር 44 የምትባለው ባለአራት መቀመጫዋ የሮቢንሰን ሄሊኮፕተር መሬት አጠገብ ሳለች ሮተሯ የዛፍ ቅርንጫፍ መታ። ወደቀች፣ ወዲያው በእሳት ተያያዘች፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ሮተሩን ዛፍ ላይ ያሳረፈው አብራሪው ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን ከትንሽ ከፍታ መውደቅና መቃጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የነዳጅ ታንኳ ጠንካራ አልሙኒየም ነበር፤ ሲመታ ይቀደዳል። ኩባንያው በዲሴምበር 2010 ታንኮቹ ውስጥ የማይቀደድ የጎማ ከረጢት እንዲገባላቸው አሳስቦ ነበር፤ የሰጠው ጊዜ ግን ረጅም ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት በ2011ና በ2012 ሁለት ሌሎች አር 44ዎች ወድቀው በተመሳሳይ እሳት ሰው አጥተዋል። ከቡሊ ቶፕስ በኋላ የአውስትራሊያ ተቆጣጣሪ ከረጢቱ ያልገባላቸውን ሁሉ ከበረራ አገደ። «የአብራሪ ስህተት» የመጀመሪያውን ሰከንድ ያስረዳል። አራት ሬሳ የወጣው ከሁለተኛው ሰከንድ ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ተራራማ፣ ነፋሻማ፣ እረኛው ሳይቀር በሄሊኮፕተር የሚሠራበት አገር፤ ሮቢንሰን ከሄሊኮፕተሮቹ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የትራንስፖርት አደጋ መርማሪ ኮሚሽኑ በ2016 ቆጥሮ ሲደምር ከ1991 ጀምሮ በ14 የማስት ባምፒንግ አደጋዎች 18 ሰዎች ሞተዋል። ሮቢንሰንን በአደገኛ ጉዳዮች ዝርዝሩ ላይ አስቀመጠ። የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በእነዚህ ሄሊኮፕተሮች መብረራቸውን እንዲያቆሙ አደረገ። ኩባንያው ተቃወመ፤ አብራሪዎቹ በኃይለኛ ነፋስ ውስጥ በፍጥነት ስለሚበሩ ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑ የመለሰው ግን ቀላል ነው፦ በእነዚያ አደጋዎች የመጨረሻ ሰከንዶች አብራሪው ምን እንዳደረገ ማንም አላየም፤ እንግዲያው መቅረጫ ይግባ።

በ2018 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የራሱን ስሌት አወጣ። ከ2006 እስከ 2016 በአሜሪካ 42 አር 44ዎች ሰው በገደለ አደጋ ውስጥ ነበሩ፤ በ100,000 የበረራ ሰዓት 1.6 ማለት ነው። ኩባንያው የሰዓቱ አቆጣጠር ልክ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የቀላል ሄሊኮፕተሮችን የበረራ ሰዓት በትክክል ማወቅ በእርግጥም አስቸጋሪ ነው። ቢሆንም ክርክሩ ራሱ ቦታ ለወጠ፤ «የትኛው አብራሪ?» ሲባል የነበረው «የትኛው ማሽን?» መባል ጀመረ።

ይህ የቦታ ለውጥ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ሲወድቅ፣ ሬሳው ሳይለቀም ነው ጣት ወደ አብራሪዎቹ የተቀሰረው። በሜይ 2019 ሳም ግሬቭስ የተባሉ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል በሸንጎው ፊት፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ሁኔታውን ይወጡት ነበር የሚል አስተያየት ሰጡ። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው የፈጀውም ያው አውሮፕላን፣ ያው ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ነበር። ያ የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ ሥርዓቱ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተብራራም። የመጨረሻው ሪፖርት በ2022 ሲወጣም የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ እርምጃ በበቂ አልተመረመረም ብለው ተከራክረዋል፤ ይህም መነገር አለበት። ይሁን እንጂ ዓለም ማክስን ከበረራ ያገደው፣ ቦይንግም ሶፍትዌሩን የቀየረው፣ ጥያቄው ከአብራሪዎቹ ወንበር አልፎ ወደ ፋብሪካው ስለገባ ነው። ትልቁ ጄት የዓለም ዜና ነው። ሁለት ሰው የሞተባት ትንሽ ሄሊኮፕተር ይህን ያህል ጠበቃ አታገኝም።

ቢሆንም፣ በዝግታ፣ አግኝታለች። ከ2021 ጀምሮ ሮቢንሰን በአዳዲሶቹ ሄሊኮፕተሮቹ ውስጥ ካሜራ መግጠም ያዘ፤ የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች የሚያይ ዓይን ማለት ነው። በ2022 መጨረሻ ፍራንክ ሮቢንሰን በ92 ዓመቱ አረፈ። በዓመቱ ኩባንያው አዲስ ጅራት ይዞ ብቅ አለ፤ ቅርጹ በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ አግድም ክንፍ ያለው። ሥራው አንድ ነው፤ ሄሊኮፕተሯ ክብደቷን ስታጣ ወደ ቀኝ የመውደቅ ጠባይዋን መቀነስ። ቀድሞ የተመረቱትም ይህንኑ እንዲገጥሙ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መከሩ። በ2024 ደግሞ፣ ጊዜያዊ ተብሎ 29 ዓመት የቆየው የ1995ቱ ልዩ ደንብ፣ ቋሚ ሕግ ውስጥ ገባ።

አዲሱ ጅራት በአንድ ወገን ብቻ የነበረውን አግድም ክንፍ ነው የተካው። የቀድሞዋ ጅራት ግን ዛሬም በሺዎች በሚቆጠሩ ሄሊኮፕተሮች ላይ ትበራለች፤ ከታች ያለው ወጣት አስተማሪም ሰዓቱን እያጠራቀመ ነው።